የኋላ ወንበር

ሜክሲኮ፣ ከባቡሩ ድልድይ ማዶ፣ ከወርክሾፑ በር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቶርኖ ሳስተምር ነበር።
ዘንድሮ በክረምቱ ግን ለሥልጠና ተጠራሁ፤
ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ ከኋላ ወንበር ገባሁ።

አሠልጣኟ ዞር ስትል — ትርንጎ! የጌጃ ሠፈሯ ልጅ፣
ካሊፐር ባነሣች ቁጥር ይከዳት የነበረ እጅ።
ለልምምድ የላክናት ጋራዥ «ሴት አንቀበልም» ቢላት
ሦስት ቀን፣ በቱታዬ፣ ደጁ ላይ የቆምኩላት።

እሱን አላነሣችውም። ስክሪኑን አበራችና፦
«ጋሼ፣ ይሄኛው ቁጥር እንጂ ጆሮ አያምንምና
ይጻፉ» አለች። ጻፍኩ። አንድ ነጥብ ዘለልኩ መሰል፣
ብረቱ ጥርሱን አፋጨ፤ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ሲል

እሷ ስክሪኑን ትታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ጎንበስ ብላ ሰማችው —
ልክ እንዳስተማርኳት፣
በግራ ጆሮዋ።