ታቹ የተበሳ ሸክላ

አኮ ነው ሥራዬ፣ ከባሕሩ ግንብ ሥር፤
ገል ሳጥብ እውላለሁ፣ በብሩሽ፣ በቁጥር።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ አፈሩን ሳራግፈው
ሾጣጣ ማሰሮ፣ ታቹን የበሱት ነው።

የወለቃ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ጭቃ አይዋሸኝም፤
የተበሳና የተሰበረ አይምታታብኝም።
እሳት ሳያየው ነው፣ በርጥቡ፣ በጣት።
«እናቴ ይህን ይዛ ገበያ ብትሄድ፣
ውሃ የማይዝ ገንቦ ማን ይገዛል በግድ?»

ኖዓም፣ አለቃዬ፣ ቁፋሮ የተማረው፣
«የውሃ አይደለም» አለኝ፣ «ይሄ የስኳር ነው።
ከዚህ ሜዳ ሸንኮራው ተቆርጦ፣ ተጨምቆ፣
ይፈላል፤ በዚህ ይገባል ከነትኩሱ ተጠልቆ።
ቀናት ይቆያል እንግዲህ፤ ጥቁሩ በታች ሲፈስ
ነጩ ከላይ ይረጋል፣ ነጋዴው እስኪደርስ።»

ስለ ስኳር ነበር የተናገረው።
ብሩሼን አስቀመጥኩት።

በዚህ በር ነው የወጣው፣ የቬኒስ ሰው ጭኖት፣
በምላስ ጫፍ ቀምሶ፣ በወርቅ ሚዛን መዝኖት።
ምላስ አንዴ ከለመደ መች ጠግቦ ይተኛል፤
ሸንኮራው ከቆጵሮስ ደሴት ደሴት ይዘላል።
ኋላ ፖርቱጋሎች ሸራቸውን ገትረው፣
ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ አፍሪካን ዞረው፣
የደረሱበትን ደሴት «አገኘን» አሉና ደኑን አነደዱት፤
ለሸንኮራው መሬት፣ ለመሬቱ ሰው፣ ከየባሕሩ ዳር በገመድ ጎተቱት።
አገር «ተገኘ» ሲባል ሰው ጠፋ ማለት ነው።
ይህን ኖዓም አላለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ማሰሮውም አብሮ ባሕሩን ተሻገረ፣
በሌላ ሰው ጭቃ፣ በዚያው መልክ ተሠራ።
ብራዚል ድረስ ሄደ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን፤
ስንቱ ጥቁር ፈሰሰ፣ ሳይቆጠር፣ ሳይከፈን።

ዛሬ የአኮ ወደብ ጀልባው ቱሪስት ይጭናል።
ትልልቁ መርከብ ማዶ፣ ሃይፋ ይራገፋል፤
ክሬኑ ከዚህ ሲታይ ቀጭኔ ይመስላል፣
አንገቱን ደፍቶ ኮንቴይነር የሚግጥ።
ከብራዚል የመጣ ስኳር አለበት አሉ።
ዞሮ ዞሮ ቤቱ።

አቡ ናዚህ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ መረቡን አስጥቶ
ሻይ ይዞልኝ መጣ፣ ብርጭቆውን ሞልቶ።
«ስንት ማንኪያ?»
«ምንም። ስኳር አለብኝ።»
በዕብራይስጥ ነገርኩት፤ በአማርኛ አሰብኩት፤
በእኛ ቋንቋ «አለብኝ» የዕዳም ቃል ነው።
ወለቃ ሳለሁ ስኳር የማውቀው በዓመት አንዴ፣ በጣት ጫፍ፣
ያውም ከወረቀቱ የቀረውን ስልስ፤
ታዲያ ይህን ሁሉ መቼ ተበደርኩት?
ናሃሪያ ያለችው ሐኪም ግን ከደሜ ውስጥ ቆጥራ
በየሦስት ወሩ ደረሰኝ ትሰጠኛለች።

ሻዩን መራራውን ጠጣሁ።
ገሉን አነሣሁና ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ።
ልክክ አለ።
ጣት የምታህል ሴት ነበረች ወይስ ልጅ እግር ወንድ፣
ምን እንደሚፈስበት ነግረውት ይሆን፣ ወይ ዋጋውን ብቻ?

ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት።
ይኸኛውም የተበሳ ነው።