ስልሳ ሁለት ሜትር

ከእኔ ቤት ቆጣሪ እስከ ታች በረቱ
ስልሳ ሁለት ሜትር ነው ሲለካ ርቀቱ።
ጎባው ነው የለካው፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣
እርሳስ በጆሮው ላይ እንደ ቀንድ ሰክቶ፣
ከጎመን መደቤ በሁለት እግሩ ገብቶ።

«መንገደኛ ነው መብራት፣ እትዬ፤ ከዚህ ሲነሣ ሁለት መቶ ሃያ፣
ሽቦው ከቀጠነ ስንቁ አልቆ ይደርሳል፣ ይሸጎጣል ባምፖል ጉያ።»

«ደንበኛዬ» ነው የሚለው፤ ስሙን አይጠራም።
እኔም አልጠራሁት። ከአባታችን ተዝካር ወዲህ
አልተነጋገርንም።

ለእኔ ቤቱ ደረሰኝ፣ ለአዛናው በረቱ፤
ሽማግሌ ሁለቴ ተቀምጦ ተነሣ፤ እዚያው ቀረ እብጠቱ።
ሦስት ዓመት መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ
በያጅ ሆኖ መጣ አዘዞ፤ ቅንድቡ ተለብልቦ፣
ጥቁር መነጽር አድርጎ ደግሞ።

«ይውሰድ» አልሁ ለጎባው፤ «ቆጣሪው ግን የኔ ነው፤
በወር በወሩ ይክፈል። ቃሌን አድርስልኝ፣ ይስማው።»

ወፍራሙን ኬብል ከአራዳ ጠየቀ፤ ኪሱ አልቻለም።
ቀጭኑን ገዛ። ጎባው ራሱን ነቀነቀ፤
እኔ ምንም አላልሁም።

ከባሕር ዛፉ ግንድ ወደ ዋንዛው ቅርንጫፍ፣
ከዋንዛው ወደ በረቱ ቆርቆሮ ጫፍ፣
ጥቁር ናስትሮ እየጠመጠመ በየመጋጠሚያው አፍ፣
ሰቀለው። ቁራ ተቀመጠበት
አንድ ሌሊት እንኳ ሳያልፍ።

በመጀመሪያው ማታ፣ የልጄን ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልሁ፣
አምፖሌ ጎንበስ አለ። መርፌዬን አጣሁ።
ቀና አለ። ደግሞ ጎንበስ።
ዞር ብል በመስኮቱ
ሰማያዊ ብልጭታ ይረጫል ከበረቱ።

እርሱ ሲበይድ የኔ ቤት ይፈዛል፤
እርሱ ሲያርፍ የኔ ቤት ይነጋል።
ረገምሁት አንድ ሳምንት።
«ዓይኔን ሊያጠፋው ነው» አልሁ ለጎረቤት።

በሁለተኛው ወር ግን መቁጠር ጀመርሁ፦
ረጅም ፍዘት የግቢ በር ነው፤
አጭር አጭሩ የመስኮት ፍርግርግ መሆኑን አወቅሁ።
ድንገት ቁርጥ ካለ፣ ወይ እጁን አቃጥሎት ነው፣
ወይ ደንበኛ ዋጋ እየተከራከረው፣
ወይም ያ በረት የላሞቹን ስም አስታውሶት ነው።
ቃል አልወጣም ከአፉ፣ ቃል አልወጣም ከአፌ፤
ሲተነፍስ ግን አየዋለሁ
ይዤ ክርና መርፌ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት። ዝናቡ ከጠዳ በኩል መጥቶ
ቆርቆሮውን ይደበድባል።
አምፖሌ ቀጥ ብሎ በራ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት።
አንዴም አላንቀላፋ።
ደኅና መብራት እንደዚያ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ፤
ሽቦውን ሽቅብ እያየሁ ቁልቁል ተከተልሁ።
አርባ ሜትር ላይ ዋንዛው ያንጠባጥባል፤
ሃምሳው ላይ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤
ስልሳ ሁለት ላይ በር አለ፣ ራሱ የሠራው።
አላንኳኳሁም። ገፋሁት።
«አዛናው?»

ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ይቆረጥማል ቆሎ።

«ኤሌክትሮድ አለቀ» አለኝ።

አራት ዓመት ያጠራቀምነው ቃል ይኸው ነበር።
ምን ልበል? «መብራቱ ይበቃሃል?» አልሁት።
«ስበይድ ይደክማል። ርቀቱ ነው።»
«ርቀቱ ነው» ብዬ ደገምሁት።
እፍኝ ቆሎ ሰጠኝ። ዝናቡ እስኪያባራ
ያለ ወሬ ቆረጠምሁት።

ሰኞ ጎባው ይመጣል፣ በወፍራሙ ሊቀይረው።
«ያንቺ ቤት ፍዘት ግን አይለቅሽም፣ እትዬ» ይላል፤
«እርሱ ከምሰሶው ነው።»
ተወው አልሁት።
የኬብሉን ዋጋ ግማሹን እችላለሁ እኔ፤
ሒሳቡን ግን አልማርሁትም፦
መቶ አርባ ብር አለበት፣ የሰኔ።