ሳያጠፉ ማጥፋት

ሶሐር ላይ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ባሕሩ ያልበዋል፣ አየሩ እርጥብ እሳት።
በወገቤ ላይ ቁልፍ እያቃጨለ
እዞራለሁ እኔ፤ ሰው አልባው ፎቅ በርቶ ሰርግ ቤት መሰለ።

የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲው የሚያውቀኝ በመሰላሌ፣
መምህር አይደለሁም፣ ሰሌዳ የለኝም፤ ጣራው ነው ክፍሌ።
ግን እናንተ ስትሄዱ ወንበራችሁ ያወራኛል፣
የረሳችሁት ሁሉ ስማችሁን ይነግረኛል።

የመዝጋቢዋ ቢሮ፣ የወይዘሮ ዙወይና፣
ዐሥራ ስድስት ዲግሪ፤ የታኅሣሥ ውርጭ ወርዶበታልና
ወንበሯ ላይ ሹራብ፣ መሳቢያዋ ውስጥ የጉንፋን ክኒን፤
«ኧረ ብርዱ!» ትላለች፣ እየገዛች ብርዱን።

ማተሚያ ክፍሉ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤
ሦስት መቶ ገጽ ወረቀት፣ ትኩስ እንደ ዳቦ፣ ወለሉ ላይ ፈሷል።
አንዱን አንስቼ ባነበው፣ ደብዳቤ ነው ከበላይ፦
«ወረቀት እንቆጥብ!»
ለያንዳንዱ ሰው አንድ ቅጂ፣ ባለቀለም፣ በአንድ ፊቱ ላይ።
ቢጁ ከመሰላሉ ሥር «ምን ያስቅሃል?» ቢለኝ
«ቅኔ» አልኩት፣ «ሰሙም ወረቀት፣ ወርቁም ወረቀት።»
ከዚያ በላይ ማስረዳት አቃተኝ።

በቋንቋዬ፣ ባልደረቦቼ፣ አንድ ተንኮለኛ ቃል አለ፤
መብራት መዝጋት «ማጥፋት» ነው፤ መበደልም «ማጥፋት» ተባለ።
እና መብራት ያላጠፋ፣ ሳያጠፋ አጠፋ፤
ንጹሕ ሰው ያጠፋ ነው፤ በአጥፊዎች ነው የኔ ተስፋ።

እኔም አጥፍቻለሁ። ያኔ፣ በዒድ እረፍት፣
የቤተ ሙከራውን ማቀዝቀዣ ረስቼው፣ ዘጠኝ ቀን
ለባዶ ወንበር ሲተጋ ቀንና ሌት።
ስመለስ መስታወቱ አልቦት ያለቅስ ነበር፤
ለማንም አልተናገርኩም። ይኸው አሁን፣ በናንተ ፊት ይነገር።

ያስተማረኝ ጠብታ ነው። ከጣራው ቧንቧ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣
ማሽኑ አየሩን ጨምቆ የሚያወጣው ላብ፣
አስፋልት ላይ ፈስሶ ሲተን፣ ጀሪካን ደቀንኩበት፤
እስኪነጋ አርባ ሊትር። ጣፋጭ፣ ጨው የሌለበት።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንዲት ቁርቁራ አለች፤
እነሱ «ሲድር» የሚሏት፣
አምና ቅጠሏን አራግፋ ለመጥረቢያ ታጭታ የነበረች።
አንዱን ጀሪካን እኔ፣ አንዱን ቢጁ ተሸክመን
ስንመላለስ ከረምን፤ ጠባቂው «አበዱ» ሲለን።
መጋቢት ላይ አፈራች። እፍኝ የማትሞላ፣ ድንክ ፍሬ።
ዶክተር ኸልፋን፣ ስለ ውሃ ሠላሳ ጥናት የጻፈው፣
አንዷን ቀምሶ «ከየት ነው ውሃው?» አለኝ።
«ከቢሮህ» አልኩት፣ «ከብርድህ፣ ጌታዬ።»
መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ግን ማለዳ፣
የልጁን ቢጫ ባልዲ ይዞ መጣ፣ የአሸዋ መጫወቻ፣ እጀታው የጎደለ፤
ተማሪ እያየው አላፈረም፤ ቧንቧው ሥር ቁጭ አለ።

ዓለምን አድኑ አልልም፤ እሱ ለመሰላሌ ይረዝማል።
ቁጥሩን ሃያ አራት አድርጉት፤ ሰውነት ይለምዳል።
ሹራቡን ወደ ቤት ውሰዱት። ደብዳቤው በስክሪን ይነበብ።
ስትወጡ፣ እጃችሁ በሩ ላይ እያለ፣ አንዲት ጣት ታስብ።

ይኸው ደግሞ ሦስተኛው ፎቅ፣ አንድ መስኮት በርቷል፤
ልቆጣ ወጣሁ። ኸልፋን ነው፤
የፈተና ወረቀት ተንተርሶ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ፣ አንቀላፍቷል።
ቢጫው ባልዲ እግሩ ሥር። መስኮቱ ክፍት፣ ማሽኑ ዝም።
ልቀስቅሰው አልኩና ተውኩት፤ እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይሰበርም።
ማብሪያውን ነካሁት፣ በዚያችው በአንዲት ጣቴ፤
ነገ ሲነቃ በጨለማ፣ ይቅር ይበለኝ ለጥፋቴ።