ልክ

በመኪና ግርግር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከመርፌና ክር ስታገል፣
ሜትሬን ሳልዘረጋ፣ ገና ከበር ሲገቡ፣
«አርባ ሁለት» እል ነበር፤ አይስተኝም ወገቡ።
የሙሽራ ገናፊ፣ የሽማግሌ ኮት፣
«ሰፋኝ» ተብሎ አልመጣም፣ አንድ እንኳ በስሕተት።

ልክ የጠፋብኝ በራሴ ሆድ ነው።

ከእምብርቴ በስተግራ ሐኪሙ ቀደደና፣
ከአንጀቴ ጫፍ ጥቂት ወደ ውጭ ሳበና፣
ዙሪያውን ሰፋው፤ ያውም በሚሟሟ ክር።
(እኔ ብሰፋበት ደንበኛ በከሰሰኝ ነበር።)
ቀይ ነው፤ እርጥብ ነው፤ በከፈይ የተለበጠ
የካፖርት ቁልፍ ይመስላል፣ ሆዴ ላይ የተቀመጠ።
ስቶማ ነው አሉኝ። እኔ ግን «ቁልፌ» አልኩት፤
ራዚያ ስትስቅ፣ ያኔ ነው የለመድኩት።

ሰው «አንጀቴ ተቃጠለ» ይላል፣ ሐዘን ሲያገኘው።
እኔ አንጀቴን አየሁት፤ በየማለዳው ነው የማየው።
አይቃጠልም። ቢነኩትም አያውቅ።
የሚቃጠለው ጎረቤቱ ነው፣ ዙሪያው ያለው ቆዳ፤
ያልበላውን፣ ያልጠጣውን፣ የሚከፍል የሰው ዕዳ።

በሦስተኛው ወር ዙሪያው እንደ ቀለበት ቀልቶ
ተላጠ፤ አዠ፤ ሙጫው አልይዝ አለ በጎን ከፍቶ።
አንድ ሐሙስ፣ የሙሽራ ሱሪ ልለካ ባጎነብስ፣
ሸተትኩ። ሙሽራው ዝም ብሎ ጣራ አየ።
ነስረዲን፣ ሥራ የማስለምደው ልጅ፣ መስኮት ከፍቶ፣
«ውጭ ቱቦ ፈንድቷል መሰለኝ» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ዞር ብሎ።

ምክር በዛ። አንዱ ማር አለኝ፣ አንዷ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፤
ዘይቱን ብቀባው፣ ከረጢቱ ተንሸራተተ በአንድ ሰዓት።
ሳሙናውን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ ሚጥሚጣውን፣
ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣውን የእህቴን ልጅ ዕቃውን።
መጨረሻ ላይ «ቀዳዳው ሰፍቶ ይሆናል» አልኩና
በግምት አጠበብኩት።
አዲሱ ጠርዝ ቁልፌን ሌሊቱን ሙሉ ሲከረክር አድሮ፣
ማለዳ ስገልጠው፣ በቀዩ ላይ ሌላ ቀይ፤
የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል፣ ደም አዝላ ላይ ላይ።
አታምም። ያስፈራኝም እሱ ነው፣ አለማመሟ።

ሲስተር ፈትለወርቅ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደች፤
«ስስ ነው፤ ጠርዙ ፈግፍጎት ነው፤ ትድናለች» አለች።
«ይልቅ በምን ልክ ነው የምትቆርጠው?»
ከኪሴ ካርቶን አወጣሁ፣ ከአልጋ ሳልነሣ የሣለችልኝን።
«ያኔ አብጦ ነበር እኮ! አሁን ሟሽሿል። ከዚያ ወዲህ አልለካኸውም?»
«በዓይኔ...» አልኩ።
ዝም አለች። ሥራዬን ታውቃለች፤
የልጇን ዩኒፎርም የሰፋሁት እኔ ነኝ።

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» እያልኩ የማስተምር ሰው፣
ሜትር ባንገቴ ይዤ፣ የራሴን ሥጋ ባሮጌ ልክ ነው የማለብሰው።

ተለካሁ። ሁለት ሴንቲ ተኩል። ዙሪያውን የክር ያህል ክፍተት፤
እንዳይነካው፣ እንዳያጋልጠው፣ ትንፋሽ የምታህል ትረፍለት።
ለብ ያለ ውሃ ብቻ። በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ፤ አይታሽም።
«ከጠቆረብህ፣ ወይ ደሙ ካልቆመ፣ ሌሊትም ቢሆን ና።»

ምስሯ በስድስት ቀን ጠፋች። ቀለበቱ ግን ዘገየ፤
ዛሬም በስተግራ ሐምራዊ ጥላ አለ፣ ራዚያ በባትሪ
እያየች «ቀንሷል» ትላለች፤ አንዳንዴ ለማጽናናት ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት አው ዚክሪ ጨርቅ ይዘው መጡ፤
«ልኬ አንተ ጋ አለ፤ እንደ ዓምናው ይሁን» ብለው ሊወጡ።
«ይቁሙ» አልኳቸው። ሜትሬን ሳብኩ።
ወገባቸው በአራት ጣት ቀንሷል፤ ምንም አላልኩ፤ ጻፍኩ።
ያኔ ቁልፌ ከሸሚዜ ሥር ድንገት አጉረመረመ፤
ነስረዲን፣ ቀና ሳይል፣ የመኪናውን መርገጫ ረገጠ፤ ደገመ።