ምንጩ ያልታወቀ

መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣
የእታፈራሁ ሒሳብ በድንገት ተሞላ።
አሥራ ሁለት ሺህ ዩሮ፣ በጥሬው፣ ባንድ ቀን፣
ለማን ሸጣ እንዳገኘችው ቁራጭ ወረቀት ሳይኖረን።

ኑረምበርግ፣ ጥር ወር፤ በረዶው ተቆልሏል፤
ግብር ቢሮው ደጃፍ ጨው ተነስንሶበታል።
እሷ የመርፌ ሰው፣ እኔ የቁጥር ሰው፣
ገብተን ተቀመጥን ጓንታችንን ሳናወልቀው።

ሄር ብሩክማየር ክፉ ሰው አይደለም፤
ሻይ አቅርቦልናል፤ ድምፁ አልጠነከረም።
በእርሳሱ ጫፍ ብቻ መስመሯን ነካና፣
«ይሄ ገንዘብ ምንጩ?» አለ ቀና አለና።

ምንጭ። እኔ የማውቀው ከድንጋይ ሥር ወጥቶ፣
ባለቤት ሳይጠራ ለመንደሩ በቅቶ
የሚወርድ ውኃ ነው። እሱ ግን ሲጠይቅ
ስም ነው፣ አድራሻ ነው፣ ፊርማ ነው የሚጠብቅ።

«ሕጉ ይህን ይላል፦ በንግድ መዝገብ ላይ
ከየት እንደመጣ የማይነገር ሲሳይ፣
አበደረኝ ያልሽው ሰውየው ካልታየ፣
አቅሙ ካልተመዘነ፣ ቃሉ ከተለያየ፣
ሸጠሽ የደበቅሽው ገቢ ነው ይባላል፤
ግብርም፣ ወለድም፣ መቀጮም ይጣልበታል።»

ይህ የኔ ትርጉም ነው፤ ጀርመንኛው ደረቅ ነው፣
«ሲሳይ» የሚል አይደለም፤ «ያልተብራራ» ነው ያለው።

ውኃን ከጥሩ ነው፣ ነገርን ከሥሩ፤
ሥሩን ብንነግረው ባለቀ ነበር ችግሩ።
ሥሩ ዕቁብ ነው። ሃያ አራት ሰዎች፣
በወር አምስት መቶ፤ ዳኛዋ አንጓች።
ደብተሯ የልጅ ነው፣ በፊተኛው ተራ
የማባዣ ሰንጠረዥ ግማሽ የተሠራ፤
ዕጣው የሚወጣው ከብስኩት ቆርቆሮ፤
አምና ለሷ ወጣ፤ የስፌት መኪናው ለሷም ለልጇም ኑሮ።

«ስማቸውን ጻፊ።» ወረቀት ገፋላት።
ብዕሩን አነሣች፤ ክዳኑ ጠበቀባት።
አየሁ በዓይኗ መሐል ሰልፉ ሲያልፍ አንድ ባንድ፦
መኳንንት፣ ዳቦ ቤት፣ በሌላ ሰው ሰነድ፤
ተናኜ፣ ድጎማ ከመንግሥት ተቀባይ፣
ሌሊት ቢሮ ጠራጊ፣ ማንም ሰው ሳያይ፤
ሐድጉ፣ የፍቺው ዳኛ ሀብቱን ሲጠይቀው
«ባዶ ኪስ ነኝ» ብሎ በፊርማ ያጸደቀው፤
ደግሞ ሰባተኛው፣ የሰውን አራሚ፣
የራሱን ሳይመዘግብ ለሌላው ፈራሚ፣

እኔ ነኝ።
ከጎኗ፣ ክራቫት አሥሬ፣
በምላሷ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ክብሬ።
ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር። እንዳትጠራኝ ብዬ
አልጸለይሁም።
ዋሸሁ። ጸልያለሁ።

ክዳኑን መልሳ ብዕሩን ዘጋችው፤
ወረቀቱን ባዶውን አዙራ ሰጠችው።
«ገቢዬ ነው፣» አለች። «ሸጬ ነው ያገኘሁ።»
ብሩክማየር ለአፍታ እርሳሱን ሲያቆም አየሁ፤
ምናልባት ገብቶታል። ግን ሰውየው ጻፈ።
የማንም መስኮት ላይ ተሰቅሎ ያላረፈ፣
መርፌ ያላየው ጨርቅ ተሸጠ፣ ግብሩ ተሰላለት፤
አራት ሺህ ከምናምን፣ መቀጮ ታክሎበት።

ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ በዋጋ ቆንጣጭ ናት፤
በሃምሳ ሳንቲም ላይ ስትከራከር ቀን የሚመሽባት።
አራት ሺዋን ግን እንዲህ፣
እንደ ትርፍ ክር፣ በጥርሷ በጠሰችው።

ትራም ስንጠብቅ፣ ጫማችን በጨው ነጥቶ፣
«ለምን?» ልላት ስል ድምፄ አንገቴ ሥር ቀርቶ፣
ቀድማኝ «የጥርስ ሐኪሙ ነገ ሊወስድ ይመጣል፤
የመጋረጃው ጠርዝ፣» አለች፣ «መቀምቀም ይቀረዋል።»

ማታ መዝገቧን ገለጥሁ። መጋቢት ዘጠኝ። «ሽያጭ» ብዬ ጻፍሁ።
ምንጩን በሚያስጽፈው ዓምድ ላይ ብዕሬን ሰቀልሁ፤
ሃያ ሦስት ሰው የሚጋርድ መጋረጃ
ስንት ሜትር ይፈጃል? ማባዣውን አጣሁ።

የጥር ዕቁብ ዛሬ ነው፣ አንጓች ቤት፣ በሁለት ሰዓት።
አምስት መቶዬን ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርኋት።
በስምንት ዓመት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ዕጣው እንዳይወጣልኝ ተመኘሁ።