ርክክብ

ነጂባ አባ ሜጫ፣ ቁልፉ ይኸውልሽ፤
በክረምት እንጨቱ ያብጣል፣
በትከሻሽ ገፋ አድርጊው፣ በሩ እንዳያስቸግርሽ።
ዐሥራ ሰባት ድምፅ፣ አንድ የተሰረዘ፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስምሽ ሁለቴ ተነበበ፣
እጅሽ የተማሪ ፈተና ሲያርም፣ እስክሪብቶ እንደያዘ።
«አልችልም» ስትዪ ሰምቼ ነው ድምፄን የሰጠሁሽ፤
«እችላለሁ» ያሉት ሁለቱ
ዓይናቸው ማኅተሙ ላይ ነበር፤ ይቅር፣ ልተውልሽ።

«የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማኅበር፣
የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘርፍ፣ ጅማ»
ይላል ማኅተሙ። ቀለሙ ደርቋል፤ እፍ በይበት፣
እምቢ ካለሽ ከወርቂቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ተበደሪ፤
ሦስት መቶ አርባ ብር እንዳለብን ታውቃለች እሷማ።

ሊቀመንበር ተባልሽ። መንበሩ ይኸ ነው፤
አራት እግር አለው፣ አንዱ አጭር ነው።
በርጩማ ከአንድ ግንድ በሚፈለፈልበት አገር፣
በሦስት እግሩ ረግጦ፣ ምስማር ሳይነካው በሚኖር፣
እኛ የመረጥነው ይህን፤ ደረሰኝ ስላለው ይሆናል።
ቀስ ብለሽ ተቀመጪ። የምነግርሽ ይረዝማል።

የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው በቃለ ጉባኤው ቋንቋ ጠብ፤
በኦሮምኛ ይጻፍ፣ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስንል፣ ስንደራረብ
መሸ፤ መብራት ሄደ፤ ከአዌቱ በኩል እንቁራሪት ብቻ ተናገረ።
መዝገቡን ግለጪው፤ የዚያ ዕለት ገጽ
ቀኑ ብቻ ተጽፎበት፣ ባዶውን ቀረ።

ሌላም ልንገርሽ። በዓመታዊው ጉባኤ ለተማሪ የሚደርሰው ሰዓት
ከምሳ በኋላ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ፣
ሰው ሲያንጎላጅ፣ ታላላቆቹ ለሻይ ሲወጡበት።
አትናደጂ፤ ለቀሩት ተናገሪ።
እኔ ስጨርስ እጅ ያወጣች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤
አስካለች፣ አዳራሹን የምትጠርገው፤
መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ እንዲህ አለች፦
«ትናንት ሆስፒታል አንዲት እናት፣ ከተርጫ የመጣች፣
የልጇን ሕመም የምትነግረው ሰው አጥታ ስታለቅስ ዋለች።
ከእናንተ መሃል ዳውሮኛ የሚያውቅ የለም?»

ነበረ።
ኮይራ፣ ስለ ዳውሮኛ አናባቢዎች ሁለት ዓመት ሲጽፍ የኖረ፣
ወረቀቱን እዚያው ትቶ በባጃጅ በረረ፣
ሌሊቱን ከአልጋው ጎን ቆሞ አደረ።
ሆዱን ሲዳብሱለት የሰነበቱት ልጅ፣ ለካ «ጆሮዬን» ሲል ነበር።
ማኅበራችን ማኅበር የሆነው ያን ሌሊት ነው፣ እውነቱን ስንነጋገር።

ዝርዝሩ ይኸውና፤ በእጅ የተጻፈ፣ ዘጠኝ ስም፤
የምኛ፣ ካፊኛ፣ ዳውሮኛ። የምልክት ቋንቋ የምታውቀው ግን
ራሔማ ብቻ ናት፤ ደክሟታል፣ አትናገርም።
ስልኳ ይህቺ ናት፤ ባትሪዋ በላስቲክ ታስሯል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትጮሃለች፤
«ነገ ፈተና አለብኝ» ብትያት፣ እሷ ምን ገዷት፣ ጥሪው ይቀጥላል።

የዚያ ሰሞን ቃለ ጉባኤ በሦስቱም ተጻፈ፤ ማንም አልተጣላ፤
ደክሞን ነው መሰለኝ፤ «ስምምነት» ያልነው ኋላ።

እኔማ ዘገየሁ።
ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ሲስቁ ፎቶ አንሺያቸው ነበርሁ፤
አማካሪዬ በኅዳጉ፣ በቀይ ቀለም፣ «የት ጠፋህ?» ብለው ጽፈዋል፤
እስካሁን መልስ አልሰጠሁ።

እና ነጂባ፣ ቅር አይበልሽ፣ ትንሽ ብድግ በይልኝ፤
ከአጭሩ እግር ሥር፣ አራት ቦታ ታጥፎ ያለው ወረቀት
ምዕራፍ ሁለቴ ነው፤ እስከ ዓርብ አምጣ አሉኝ።
ላውጣው። ወንበሩ ሲያጋድልብሽ አትደንግጪ፤ ይለመዳል፤
ነገ የራስሽን ይዘሽ ነይ፤
አራት ቦታ ከታጠፈ ይበቃዋል።