ክንፉ ሄዶ፣ እፍ ቀረ

አርባ ሁለት ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ፣
አሎይዝ ሲወጣው እኔ ነኝ የምጨነቅ።
አሥራ አራተኛው ላይ ወንበር አስቀመጥኩ፣
ሃያ ስምንተኛው ላይ ሌላ ወንበር ደገምኩ፤
ሰው ከጠየቀኝ፣ «ለድመቷ ነው» እላለሁ፣
የባሌን ኩራት በድመት ሸፍኜ አኖራለሁ።

ሩዳ ነው አገሩ፤ ጡቡ ቀይ፣ መስኮቱ ቀይ፣
ከሰል የሠራው ሰፈር፣ ከሰል ያጠቆረው ሰማይ።
ስንጋባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እያየን፣
«እፍ ክንፍ አሉ» ሲለን፣ ስቀን ነበር ያለፍን።
ዛሬ ክንፉን ደረጃው ላባ በላባ ነቀለው፤
እፍ ብቻ ቀረን፤ እሱንም ተምረን ነው።

ሐኪሟ ሳንባውን ወረቀት ላይ ሳለችው፣
እንደ ወይን ዘለላ ፍሬ በፍሬ አድርጋው፤
«አየሩስ ይገባል፤ ችግሩ መውጫው ነው፤
ቧንቧው ጠቧል፣ ፍሬውም እንዳረጀ ፊኛ ላልቷል፤
አሮጌው ትንፋሽ ሳይወጣ፣ አዲሱ በር ላይ ይቆማል።»
አሎይዝ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አኑሮ ቆየና፣
«ገባኝ» አላት፤ «የገባ ሁሉ ከጉድጓድ አይወጣምና።»
ስማቸውን አልጠራም። ሦስት ነበሩ፤ አውቃለሁ፤
በየዓመቱ ለሦስቱም ሻማ አበራለሁ።

«የተበላው አይመለስም» አለች፤ አላባበለችንም፤
«የቀረውን ግን ካልጠበቃችሁት፣ እሱም አይጠብቃችሁም።»

ሲጋራውን ተወ። ማለቴ፣ ተውኩ ብሎኝ ነበር።
ትልቁን ጥሩምባ ስወለውል፣ ከናሱ ጉሮሮ ሥር፣
አንድ ፓኮ አገኘሁ፣ ግማሹ የተጨሰ።
ምድጃ ልጨምረው አልኩ፤ ጢሱስ ለማን ሊደርስ?
በውኃ ሸኘሁት።
እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

ኢንሄለሩንም ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ
ምላሱን ሲያጠጣ ኖሯል፣ ሳይደርሰው ከውስሉ።
አሁን እኔ ነኝ አለቃው፦ ናጠው፤ መጀመሪያ
ያለህን አስወጣ፤ ተጫነው፣ ቀስ ብለህ ሳብ፤ ያዝ እስከ አሥር ድረስ፤
አፍህን ተጉመጥመጥ። እንደ ሕፃን ተቆጥቶ፣ እንደ ሕፃን ይታዘዝ።

ካሚላ የምትባል ልጅ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣
ሽማግሌዎች ሰብስባ ታስተምራለች መተንፈስ።
«ከንፈርህን አሹል፤ ትኩስ ሾርባ እንደምታበርድ፣
እፍ በል፤ ረጅም፣ ቀጭን፤ አትቸኩል፣ አትንደድ።»
ባሌ ሳቀ፣ ሳል እስኪያንቀው ድረስ፦
«ይቺንማ ለእኔ? አርባ ዓመት ከንፈሬን ሳሾል ለኖርኩት ለናስ?»
ሁለት ቆጥሮ ሳበ፤ አራት ቆጥሮ ለቀቀ፤
ትከሻው ከጆሮው ወረደ፣ የግንባሩ ላብ ደረቀ።

ክፉ ሌሊትም አለ። አክታው መልኩን ሲለውጥ፣
ነጩ አረንጓዴ ሲሆን፣ ትራሱ ሦስት ሆኖ ሲቀመጥ፣
«ይንጋ» አልልም። ስልኩ ጎን የለጠፍኩት ወረቀት አለ፤
መጀመሪያ የቱ ክኒን፣ ቀጥሎ ማን እንደሚጠራ ይላል።
አንዴ ይንጋ ብያለሁ።
አንዴ በቃኝ፤ የከንፈሩን ሰማያዊ አይቻለሁ።

በቅድስት ባርባራ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
የማዕድኑ ባንድ መጣ በእኛ መንገድ፤
ቆባቸው ላይ ቀይ ላባ፣ ናሳቸው ላይ ውርጭ።
አሎይዝ የጥሩምባውን አፍ ብቻ ነቅሎ ቆመ መስኮት አጠገብ፤
ነፋት። እንደ ዳክዬ ጮኸች።
ከታች ሳቁ፤ ከዚያ በስሙ ጠሩት።

«ልውረድ» አለ። ያለ እኔ።
ቀይ ላባውን ኮፍያ አቀበልኩት፣ ሻርቡንም ባፍንጫው ላይ አሰርኩ፤
በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እግሩን በጆሮዬ ቆጠርኩ።
አሥራ አራት ላይ ዝም አለ።
አንገቴን አወጣሁ፦
ድመቷ ወንበሩ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤
ዓመት ሙሉ የዋሸሁላትን ቦታ ይዛለች።
እሱም ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣
ሁለት ቆጥሮ ሳበ፤
አራቱን በሙሉ፣ ቀስ ብሎ፣
እፍ አለባት።